ለአንድ ጎማ ሦስት ሽማግሌ

«መኪናዋን ይዘን እንሂድ፤ እሷ እዚሁ ሆና ትጸልይልን።»

በየነች ይህን የሰማችው ጓዳ ሆና ሻይ ስትቀዳ ነው። ተናጋሪው የባሏ ታላቅ ወንድም ተረፈ ነበር። ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ነው፤ ግን ዕድሜውን በቡና እርሻ የጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሰው ስለሆነ ዝቅ ያለው ድምፁም ዳገት ከሚወጣ ሞተር አያንስም። ከእሱ ጋር ሁለት ሰዎች ሶፋው ላይ ተደርድረው ዳቦ በሻይ ይበላሉ፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ኢሳይያስ፣ ሌላው አጥር የሚጋሯቸው እህል ነጋዴ ከፈለኝ። ሦስቱም ኮት ለብሰው፣ ሦስቱም ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ሦስቱም ጫማቸውን አስጠርገው መጥተዋል። ዛሬ ከሚዛን ተነሥተው ቴፒ ይወርዳሉ። የአቶ ሲላስን ልጅ ማራናታን ለበየነች ልጅ ለቤኪ ሊለምኑ ነው።

በየነችን የከነከናት ጸሎቱ አይደለም፤ ጸሎት ትችልበታለች። መኪናዋም ብትሆን አሮጌ ቪትዝ ናት፤ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ በየቀኑ የምትነዳት፣ ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ደግሞ ከነጋዴ በፕላስቲክ ጠርሙስ በእጥፍ ዋጋ እየገዛች የምታጠጣት። ይወስዷት ቢሉ እምቢ አትልም ነበር። የቆረቆራት ሌላ ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ስለ ልጇ ምን ያውቃሉ? ተረፈ የዘሩን ሐረግ እስከ ምንጅላቱ ይቆጥራል። ኢሳይያስ በመዘምራን ውስጥ ማገልገሉን ያውቃል። ከፈለኝ ደግሞ የሚሠራበት መድኃኒት ቤት ስንት እንደሚከፍለው ያውቃል፤ ማን እንደነገረው ግን ማንም አያውቅም። ልጁን ራሱን የምታውቀው ሰው ጓዳ ውስጥ ሻይ ትቀዳለች። ልጇ ሲለመንለት እሷም በዚያ ክፍል ውስጥ መሆን ፈለገች። ከዚያ ያለፈ ምኞት አልነበራትም።

ትሪውን ይዛ ወጣች። «ስኳሩ ከታች ነው፤ አማስሉት» አለች። ቀጥላም ስለ ስኳሩ በተናገረችበት ድምፅ «መኪናዋን የምነዳት እኔ ነኝ» አለች።

ተረፈ ኢሳይያስን አየ፤ ኢሳይያስ ከፈለኝን አየ፤ ከፈለኝ ዳቦውን አየ።

«የቤኪ እናት» አለ ተረፈ በመጨረሻ፣ «እናት ከሽማግሌ ጋር ስትገባ የት አገር ታይቷል? ‹ወንድ የላቸውም እንዴ› ነው የሚሉን።»

«ወንድማ ሦስት አላችሁ። የሌላችሁ ሾፌር ነው።»

«እኔስ? እኔ መሪ ስጨብጥ አንቺ ገና ፊደል ትቆጥሪ ነበር።»

«ዓይንዎን ሞራ ከተገፈፉ ገና ወር አልሞላዎትም፣ ጋሼ ተረፈ። ትናንት እንኳ እኛ ቤት መስሎዎት የእነ ከፈለኝን በር አንኳኩተዋል።»

«እውነት ነው» አለ ከፈለኝ። «እኔ ነኝ የከፈትኩለት። ‹ቤኪ አድገሃል› አለኝ።»

ኢሳይያስ ሳቁን በሻይ ዋጠ። ሰላም ወዳድ ሰው ስለሆነ ሁለቱንም የማያስከፋ ሐሳብ ፈለገና አገኘ። «ቲቸር ትንዳ። ስንደርስ ግን እኛ እንገባለን፤ እሷ መኪናዋ ውስጥ ትጠብቀናለች። ወጉም አይፈርስም፣ መንገዱም አይቀርም።» በየነች ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ተረፈም ዝም አለ። ሁለቱ ከባሏ ቀብር በኋላ እንዲህ ዝም መባባል ለምደዋል፤ ክፉ ዝምታ አይደለም፣ አንድ ወንድምና አንድ ባል የነበረ ሰው መሀላቸው የተቀመጠበት ዝምታ ነው። «ይሁን» አለች። ቴፒ ድረስ መሄድም ሚዛን ከመቅረት ይሻላል።

አሁን ስለ ጎማው መናገር ያስፈልጋል። በዋዜማው ጎሚስታው የኋላዎቹን ጎማዎች ወደ ፊት፣ የፊቶቹን ወደ ኋላ አዛውሮ፣ ሁሉንም በወጉ አስሮ ሰጥቷት ነበር። ይሁንና ተረፈ በሠራበት እርሻ ሾፌሮች አንድ ደንብ አላቸው። ድሮ አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ጎማው ተፈትቶ ወጣና መኪናውን ቀድሞ ቡናው ውስጥ ገባ። ሾፌሩም በመስኮት ብቅ ብሎ ‹ይሄ ደግሞ የማን ጎማ ነው?› ብሎ ጠየቀ ይባላል። ከዚያ ወዲህ መኪና የሚሳፈር ሰው ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ከወንበሩ ሥር ያለውን ጎማ በገዛ እጁ ያጠብቃል። ያላጠበቀ አይሳፈርም። ተረፈ ጡረታ ሲወጣ ከእርሻው ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ይህ ደንብ ነው፤ ሰፈሩንም አስለምዶታል። አሁን አሁን አንድ ሰው ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ ሊሸኙት የመጡ ወንዶች ሳይቀሩ «እጄን ላሳርፍበት» እያሉ የጎማ መፍቻውን ይቀባበላሉ። ያላጠበቀ ሰው መልካም መንገድ ያልተመኘ ይመስላል።

«ጎሚስታው ትናንት አጥብቆታል» አለች በየነች በረንዳው ላይ ቆማ።

«ጎሚስታው አብሮን ይሄዳል?» አለ ተረፈ። ጋቢውን ለኢሳይያስ ሰጠና የፊት ቀኙን ጎማ ብሎኖች የሚይዙትን ዳዶዎች አንድ በአንድ በመፍቻው ያዘ። እጁ ሲደክመው ቆመበት። እግሩን መፍቻው ላይ አሳርፎ እንደ ብስክሌት ረገጠው። ከዚያ ኢሳይያስ የኋላ ቀኙን፣ ከፈለኝ የኋላ ግራውን ያዙ። ከፈለኝ እንደ ጤፍ ጆንያ የከበደ ሰው ነው፤ ሲረግጠው ቪትዟ ወደ ጎን ዘመም አለች። ከዚያ ተረፈ ኢሳይያስን አላመነውምና የእሱን ጎማ ደገመ፤ ኢሳይያስም በትሕትና የከፈለኝን። የቀረው የፊት ግራው ነው፣ የሾፌሩ። በየነች እጇን ለመፍቻው ዘረጋች። «አንቺ ተይው» አሉ ሦስቱም። የሴት ጎማ ስለሆነ ሦስቱም በተራ ቆሙበት። እሷም ልብሷን አይታ፣ ሰማዩን አይታ፣ ቁልፉን አነሣች።

ጉዞው ደስ የሚል ነበር። ከከተማው እስኪወጡ ባጃጅ እየተጋፋቸው፣ የሙዝ ነጋዴዎች በመስኮት እጅ እጅ ሙዝ እያሳዩአቸው ሄዱ። ተረፈ ከጎኗ ተቀምጦ በሌለ ፍሬን ላይ እግሩን ይጭናል። ከኋላ ኢሳይያስና ከፈለኝ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ስለ ቡና ዋጋ ይከራከራሉ፤ ዘንድሮ ገበሬው ደኅና አገኘ፣ የለም ደላላው ነው ያገኘው። ዳገቱ ሲጀምር ጫካው ከሁለቱም ወገን ተጠጋና ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ። ተረፈ ንግግሩን ይለማመድ ጀመር። «‹አቶ ሲላስ ሆይ፣ እግር ጥሎን ሳይሆን እግዚአብሔር መርቶን መጥተናል›» አለ ለመስተዋቱ። «‹ሆይ› ይቅር፤ የሰባኪ ይመስላል» አለ ከፈለኝ። «የሰባኪ ቢመስል ምን አለበት?» አለ ኢሳይያስ። ሰዓቱ በእጃቸው ነበር። አቶ ሲላስ አምስት ሰዓት ላይ ኑ ብሏል፤ ሰው ያረፈደበት እንደሆነ ደጁን ይዘጋል እየተባለ ይወራበታል።

ሸኮን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ መሪው በየነች እጅ ላይ ወደ ግራ ጎተተ። ቀስ ብላ ዳር ያዘች። የፊት ግራው ጎማ ከአስፋልቱ ጋር ተጣብቆ ተኝቷል።

የሆነው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ተረፈ ክሪኩን አወጣና ወዲያው መኪናዋን አነሣት። በየነች «መጀመሪያ መሬት ላይ እንዳለች ነው የሚላላው፣ አለዚያ ጎማው ይዞራል» አለች። «ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ አይደለንም» አላት። መፍቻውን ሲገፋው ጎማው ዞረ። ሲረግጠው ዞረ። ኢሳይያስ ጎማውን አቅፎ ያዘ፤ ከኢሳይያስ ጋር ዞረ። ክሪኩ ወረደ። አሁን መኪናዋ መሬት ላይ ናት፣ ዳዶው ግን አይነቃነቅም። ከፈለኝ መፍቻው ላይ ወጥቶ ቆመ። ምንም። የቪትዟን ጣራ ይዞ ዘለለ። ምንም። ሁለት ሆነው ዘለሉ። ሙዝ በራሳቸው የተሸከሙ ሴቶች ቆመው አዩአቸውና አንዷ «ለአንድ ጎማ ስንት ሽማግሌ ነው የሚያስፈልገው?» ብላ ጠየቀች። ሌሎቹ ሸክማቸውን እየያዙ ሳቁ። በየነችም ፊቷን ወደ ጫካው አዙራ ሳቀች። ግን ሰዓቷን አየች። ልጇ ሚዛን፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ ለደንበኛ የሳል ሽሮፕ እያሳየ እንደሚጠብቅ ታውቃለች። አምስት ሰዓት እየቀረበ ነው።

ከኋላቸው አንድ አሮጌ ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። ጭነቱ የለስላሳ መጠጥ ሳጥኖች ናቸው። ጠጉሩ ሽበት የዘለቀው፣ ቀጠን ያለ ሰው ወረደ። «ቸኩያለሁ፣ ቤት እንግዳ አለብኝ» አለ፤ ይህንኑ እያለ ግን እጀታውን ይጠቀልል ነበር። መፍቻውን ሞከረ፣ ቀና አለ፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች በተራ ተመለከተ። «ይህን ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ» አለ ተረፈ በኩራት።

«እኔም» አለ ኢሳይያስ።

ከፈለኝ ሰማይ ሰማይ አየ።

ሰውየው ከፒክአፑ የቧንቧ ቁራጭ አምጥቶ መፍቻው ላይ ሰካው፤ እጀታው ረዘመ። ሲጫነው ዳዶው ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ጮኸ፤ ላላ። ሁለተኛውን ይዞ ሳለ ተረፈ ሰውየው እንዳይሰለች ያጫውተው ጀመር። ሰውየው ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቀው «ሽምግልና ነው፣ ቴፒ» አለ። «አቶ ሲላስ የሚባል ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ዘንድ። ታውቀዋለህ?»

የሰውየው እጅ ቧንቧው ላይ ቆመ። «በመጠኑ» አለ።

«እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«አስቸጋሪ ነው።»

«እኛም እንደዚያ ነው የሰማነው» አለ ተረፈ፣ ሚስጥር የተካፈለ መስሎት ጠጋ ብሎ። «ግትር ነው አሉ። ሰው ደጅ አስቁሞ ምሳውን የሚበላ ነው አሉ።»

«ምሳውን ብቻ?» አለ ሰውየው። «መክሰሱንም ነው።» ይህን ሲል ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ ጎማው አጎነበሰ። በየነች የግራ ጉንጩ ሲሰረጎድ አየችው። ያንን ስርጉድ ታውቀዋለች፤ በቤኪ ስልክ ላይ፣ በማራናታ ፎቶ ላይ፣ ልጁ ሳያውቅባት ደጋግማ አይታዋለች። የለስላሳ ሳጥኖቹን አየች። ቤት ያለበትን እንግዳ አሰበች። ተረፈን ልታስቆም አፏን ከፈተች። ሰውየው ቀና ብሎ በዓይኑ ያዛትና ራሱን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ተይው ማለቱ ነው። አቶ ሲላስ ነው። ሽማግሌ ተቀባይ ሽማግሌን መንገድ ላይ አያገኝም፤ ቤቱ ተቀምጦ፣ ኮቱን ለብሶ፣ እንደማያውቅ ሆኖ ነው የሚጠብቀው። በየነች አፏን ዘጋች።

ዳዶዎቹ ሁሉ ሲላሉ መኪናዋ ተነሣች፤ የተነፈሰው ወጥቶ ተቀያሪው ስኮርታ ገባ። ተረፈ መፍቻውን ሊያነሣ ሲል ግን በየነች ቀድማው ነበር። ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። ዳዶዎቹን በመፍቻ ሳይሆን በጣቷ ጀመረቻቸው፣ ጥርሳቸው በወጉ እስኪገባ፤ አንዱን ከያዘች በኋላ የጎኑን ሳይሆን የፊት ለፊቱን፣ በመስቀል። «በመስቀል መሆኑ ደስ ብሎኛል» አለ ኦርቶዶክሱ ከፈለኝ፤ ኢሳይያስ «ለአንተ ሲባል አይደለም» አለው። ክሪኩን ዝቅ አድርጋ ጎማው መሬት እንደነካ፣ አሁንም ፊት ለፊት እያለች፣ በክንዷ ብቻ አጠበቀች። መፍቻው እምቢ ሲላት አልታገለችውም። ቆመች።

«በቃ?» አለ ተረፈ።

«በቃ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ እጄን ላሳርፍበት። ለበረከት።»

«አባቴ» አለ ሰውየው መፍቻውን ከእጁ እየተቀበለ፣ «ያንን በረከት አሁን በቧንቧ ነው የፈታሁት።» ከዚያ ወደ በየነች ዞረ። «ማን አስተማረሽ፣ እህቴ?»

«የልጄ አባት።»

‹ያረፈው› ሳትል ነው የመለሰችው፤ አነጋገሯ ግን ነገረው።  መፍቻውን በመሐረቡ ጠርጎ ሰጣት፤ ቧንቧውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠላት። «ሌሎቹም ጎማዎች እንዲሁ የተባረኩ ከሆነ ፈትተሽ እሰሪያቸው። መንገድ ላይ ብሎኑ ሊበጠስ ይችላል።» ከዚያ ፒክአፑን አስነሥቶ በዚያ ዕድሜው ሊነዳው በማይገባው ፍጥነት ቁልቁል ወረደ፤ የለስላሳው ጠርሙስ በየጥምዝምዙ ይንጫጫ ነበር።

«እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው» አለ ኢሳይያስ። «ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።»

«ነገር ያውቃል» አለ ተረፈ። «ስለ ሰውየው እውነቱን ነገረን።»

በየነች ሞተሩን አስነሣች። ቴፒ ሳይገቡ ዳር ይዛ ወረደችና ያሰረቻቸውን ዳዶዎች እንደገና ሞከረች። ሦስቱ አልነቃነቁም፤ አንዱ ትንሽ ሰጠ፣ አጠበቀችው። ተረፈ በመስኮት «ላላ እንዴ?» ሲል «ቦታውን ያዘ» አለችው።  መዳፉ በጥቁር ቅባት ተሸፍኖ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ገልብጦ አስቀምጦት ያየዋል። የኢሳይያስ ጋቢ ጎማ ያቀፈ ሰው ጋቢ ሆኗል። የከፈለኝ ጫማ ደግሞ ከመፍቻው ላይ ሲንሸራተት ሶሉ አፉን ከፍቷል።

የአቶ ሲላስ ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ነው። የቴፒ ሙቀት ቆርቆሮውን እያንጣጣው ነበር። ፒክአፑ በወፍጮ ቤቱ በኩል ስለቆመ ከበሩ አይታይም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ቆሻሻው ወደ ውስጥ እንዲሆን አጣጥፈው ገቡ። በየነች እንደ ቃሏ መኪናዋ ውስጥ ቀረች። መስኮቱን ከፈተች። የወፍጮው ድምፅ ይሰማል፣ ዱቄቱ ይሸታል። ከቤት ግን ድምፅ የለም። ሽማግሌ የገባበት ቤት በመጀመሪያ ጉርምርምታ ይሰማበታል፤ እዚህ ግን ጸጥ ረጭ ብሏል። ቆየች። ሐሳቧ በዚያ በር እየገባ ሲመለስ አስቸገራትና እጇን ሥራ ልትሰጠው ወረደች። ቧንቧውን መፍቻው ላይ ሰክታ የኋላ ግራውን ጎማ ያዘች፤ የከፈለኝን። አላልታ፣ በመስቀል እንደገና በልኩ አሰረችው። ወደ ቀኙ ዞረች። ሦስተኛው ጎማ ላይ፣ ቀሚሷ እንዳይነካ በጉልበቷ መሀል ሰብስባ ቁጢጥ እንዳለች፣ አንዲት ሴት ከኋላዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ባለ ጎማዋ አንቺ ነሽ?»

ወፍራም፣ ፊቷ የሚያበራ ሴት ናት። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። «አጸደ እባላለሁ፤ የማራናታ እናት። እጅሽን አልጨብጥሽም፣ ይቅርታ፣ ዛሬ በዚህ ቤት የቆሸሸ እጅ በዝቷል። የእኔው ሰውዬ ሮጦ መጥቶ በኦሞና በስኳር ሲፈትገው አልለቅ ብሎት ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው የተቀመጠው። ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠ መስሎ።» ሳቋ አፈናትና የቪትዟን ጣራ ተደገፈች። «ሽማግሌዎችሽ ገብተው ሲያዩት፤ አንዱ በስመ አብ ብሎ አማተበ። ጋቢው የቆሸሸው ሰላምታውን ረሳ። ያ ረጅሙ ደግሞ ከዚያ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣውም። ሲላስ ‹ምን እግር ጣላችሁ› ይለዋል፣ ዝም። ‹ከየት ናችሁ› ይለዋል፣ ዝም። ‹እንግዲያው ደጅ ላስቁማችሁና ምሳዬን ልብላ?› ሲለውማ፣ ላቡ ከግንባሩ ወረደ። አሳዘነኝ።»

«የልጄ አጎት ተረፈ ነው» አለች በየነች። «ንግግሩን መንገዱን ሁሉ ሲያጠና ነበር የመጣው።»

«ሲላስ ‹ሾፌራችሁስ? ከእናንተ ውስጥ ልኩን የሚያውቅ እሷ ናት፤ እሷ ትግባና ትናገር› ብሏል። ልጠራሽ ነው የመጣሁት።» አጸደ የበየነችን እጅ አየች። «ተይው፣ አትታጠቢ። እንዳለሽ ግቢ።»

ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ በጎረቤት ወንበር ተሞልቷል። ወለሉ ላይ አዲስ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ማራገቢያው ሙቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ ለስላሳ ተደርድሯል። አቶ ሲላስ ከነኮቱ፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ እንደማያውቃት ሆኖ አያት። ከግራና ከቀኙ ሁለት ወንድሞቹ አሉ። ፊት ለፊት የሚዛን ሦስት ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፤ ተረፈ በመሀል፣ ዓይኑ ምንጣፉ ላይ። ለእሷ የተዘጋጀ ወንበር የለም፤ ማንም እናት ትገባለች ብሎ አልቆጠረም። ከበሩ አጠገብ ቆመች። ደጅ ሆና ስትጠብቅ ያሰናዳችው ንግግር ነበራት፤ ወላጅ አክባሪነቱ፣ ትምህርቱ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔሩ። ልትጀምረው ስትል አጸደ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ቀደመቻት።

«ትምህርቱንና ዘሩን ከማራናታ አፍ ሰምተናል። ለልጄ ስል አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅሽን የሚያስቀው ምንድን ነው?»

ኢሳይያስ ከፈለኝን አየ። ከፈለኝ አሁን የሚያየው ዳቦ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሽምግልና ተጠይቆ አያውቅም። በየነች ጥቁር እጆቿን አንዱን በሌላው ውስጥ ያዘች።

«እውነቱን ልናገር» አለች። «ለብዙ ጊዜ የሚያስቀው ነገር አልነበረም። አባቱ ካረፈ በኋላ እኔና እሱ አንድ ማዕድ ላይ እንደ እንግዳ ነበር የምንበላው። ‹ጨምር›፣ ‹በቃኝ›፣ ‹እግዜር ይስጥልኝ›። እኔ እንዳላዝን እሱ ይጠነቀቃል፣ እሱ እንዳያዝን እኔ እጠነቀቃለሁ። ቤታችን በጣም ሥርዓት ያለው ቤት ሆኖ ነበር።» ትንሽ ፈገግ አለች። «አንድ ቀን ሸሚዙን እየተኮስኩ፣ እሱ ከቺፑድ ግድግዳው ማዶ ስልክ ያወራል። ሳቀ። እንደ ድሮው፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው። እኔ ካውያውን እንደያዝኩ ቆሜ ሰማሁት፤ ሲሸተኝ የሸሚዙ ኮሌታ ተቃጥሏል። ‹ከማን ጋር ነው የምታወራው?› ብዬ ጠየቅሁት። ከልጃችሁ ጋር ነበር። ምን ብላ እንዳሳቀችው እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትምም። ብቻ እነዚህ ሰዎች ለእሱ ሚስት ሊለምኑ ነው የመጡት። እኔ የመጣሁት ያ ሳቅ ቤቴ እንዲገባ ልለምን ነው። ሌላ ንግግር ነበረኝ፤ አሁን ጠፋኝ።»

 ከአቶ ሲላስ ወንድሞች አንዱ ለስላሳ ሊከፍት ጀምሮ ተወው። አቶ ሲላስ ድምፁን አስተካከለ። «በእኛ ወግ» አለ፣ «ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን መልስ አይሰጠውም። እንመክርበታለን፤ ከዚያ ቀጠሮ...»

«ሲላስ» አለች አጸደ። 

አቶ ሲላስ ሚስቱን አየ፣ በየነችን አየ። እጆቹን ከኪሱ አወጣና ቅባታቸውን ለሁሉም እንዲታይ ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። «እሺ» አለ። «ልጅቷን ሰጥተናችኋል።»

ከፈለኝ እልል ሊል ቃጥቶት፣ የሴቶች ነገር መሆኑ ትዝ ሲለው ጠርሙስ አንሥቶ በጥርሱ ከፈተ። ኢሳይያስ ለምስጋና ዓይኑን ጨፈነ። ተረፈ ግን ከተቀመጠበት ተነሣ። ሰው ሁሉ አሁን ያንን የተጠናውን ንግግር ሊያሰማ ነው ብሎ ጠበቀው። እሱ በጉልበቶች መካከል እየተሽሎከለከ ወደ በሩ ሄደ፣ ከበየነች ፊት ሲደርስ ቆመ፤ ወንድሙ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቷት አያውቅም።

«ሂጂ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፤ በዚህ ጊዜ በእውነት ዝቅ ያለ ነበር። «መሀለኛው ወንበር ያንቺ ነው።»

እሱም እሷ የቆመችበት ቦታ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።